ጋዜጣን ማንበብ፦ የጋዜጣ ክፍሎችና መሠረታዊ የጋዜጠኝነት ቃላት



ከየከተማውና ከየወረዳው የመስጊድ፣ የመድረሳና የጀመዓ ዜና የሚልኩልን ወጣቶች እየበዙ መጥተዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ከሚላኩልን ጽሑፎች ጋር ግን ሁለት ችግሮች ደጋግመው ይደርሱናል። አንደኛው ዜናውና የጸሐፊው የግል አስተያየት ተቀላቅሎ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጋዜጣ ላይ የወጣን የአንድ ግለሰብ አስተያየት «ጋዜጣው እንደዘገበው» ብሎ እንደ ዜና ማቅረብ ነው። ሁለቱም የሚመጡት የጋዜጣን አሠራርና የሙያውን ቃላት ካለማወቅ በመሆኑ፣ ለሚጽፉልንም ለአንባቢዎቻችንም ይጠቅማል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። የወረቀት ጋዜጣ የሚገዛ ሰው በጠፋበት ዘመን ይህ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ በስልካችን የምናነበው ዜና አጻጻፉንም ስያሜውንም የወረሰው ከወረቀቱ ጋዜጣ መሆኑን ልብ ይበል።

ጥቂት ስለ አገራችን ጋዜጦች

የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጣው «አእምሮ» ነው። መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በጣም በጥቂት ቅጂ ብቻ ይሰራጭ ነበር። ከእርሱ በኋላ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ጋዜጣው ዛሬ የለም፤ በዚያው ስም የሚጠራው ማተሚያ ቤት ግን እስከ አሁን አለ። «አዲስ ዘመን» ጣሊያን ከአገር በወጣ ማግስት በ1933 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ ዛሬ የዘለቀ ነው። ብዙ ወጣቶች የማያውቁት፣ መንግሥት ከ1930ዎቹ ጀምሮ «አል-ዐለም» የተባለ የዐረብኛ ሳምንታዊ ጋዜጣም ሲያሳትም መቆየቱን ነው።

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን፣ በተለምዶ ሳንሱር የምንለውን፣ አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ሙስሊሙም የራሱን ድምፅ በራሱ ብዕር ማሰማት ጀመረ፤ «ቢላል» መጽሔት የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። በኋላ የመጣውን «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔትንም አብዛኛው አንባቢያችን ያስታውሰዋል። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ታስሯል። «ዋና አዘጋጅ» የሚለው ማዕረግ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለምና፣ ወደ ጋዜጣው ክፍሎች እንግባ።

የፊት ገጽ

ከላይ በትልቁ የተጻፈው የጋዜጣው ስም ነው። ከስሙ ሥር ወይም ጎን ዓመት፣ ቁጥር፣ ቀንና ዋጋ ይጻፋል። «ዓመት» ወይም «ቅጽ» ጋዜጣው ከተመሠረተ ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነ ሲያመለክት፣ «ቁጥር» ደግሞ ስንተኛው እትም እንደሆነ ይነግረናል። አንድን ጽሑፍ ለማስረጃ የሚጠቅስ ሰው እነዚህን መመዝገብ አለበት። «አዲስ ዘመን ላይ አንብቤያለሁ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ዓመቱ፣ ቁጥሩና ቀኑ ሲኖር ግን ማንም ሰው ቤተ መዛግብት ገብቶ ሊያየው ይችላል። በስሙ ግራና ቀኝ ያሉት ትናንሽ ሳጥኖች በእንግሊዝኛው የሙያ ቋንቋ «ጆሮ» ይባላሉ፤ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ወይም የውስጥ ገጽ ጥቆማ ይገባባቸዋል።

የዕለቱ ትልቁ ዜና መሪ ዜና ይባላል። ቦታው የላይኛው ግማሽ ነው፤ ጋዜጣ ታጥፎ ስለሚሸጥ ከእጥፋቱ በላይ ያለው ብቻ ለመንገደኛው ይታያልና። የትኛው ዜና ከላይ፣ የትኛው ከታች፣ የትኛው ደግሞ 14ኛ ገጽ ላይ በ2 አንቀጽ እንደሚወጣ መወሰን በራሱ ትልቅ አርትዖታዊ ውሳኔ ነው። ስለ እኛ የወጣ ዜና መኖሩን ብቻ ሳይሆን የት ገጽ ላይ እንደተቀመጠም ማየት ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው።

ርዕስ ወይም አርዕስተ ዜና ብዙ ሰው የሚያነበው ብቸኛ ክፍል ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። በአብዛኛው የዝግጅት ክፍል ርዕሱን የሚያወጣው ዜናውን የጻፈው ዘጋቢ ሳይሆን አዘጋጁ ነው። ስለዚህ ርዕሱ ከዜናው አንድ እርምጃ አልፎ ሊገኝ ይችላል። «ተባለ» ብሎ የሚያልቅ ርዕስ ስናይ «ማን አለ?» ብለን ወደ ውስጥ መግባት አለብን። በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ርዕስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው መልሱን አለማግኘቱን የሚያሳይ ነው። የርዕሱን ፎቶ ብቻ ቆርጦ በቴሌግራም ማሠራጨት እኛ ሙስሊሞችን ደጋግሞ ያስጎዳን ልማድ ነው ብለን እናምናለን።

ኃላፊው ማን ነው?

ከውስጥ ገጾች በአንዱ፣ ብዙ ጊዜ ከርዕሰ አንቀጹ አጠገብ፣ ማንም የማያነባት ሳጥን አለች። በውስጧ የአሳታሚው ስም፣ የዋና አዘጋጁ ስም ከክፍለ ከተማው፣ ከወረዳውና ከቤት ቁጥሩ ጋር፣ የምክትል ዋና አዘጋጁ፣ የአዘጋጆቹና የዘጋቢዎቹ ስም እንዲሁም የማተሚያ ቤቱ ስም ይዘረዘራል። እኛ ጋዜጣን የምናነበው ከዚህች ሳጥን ጀምረን ነው።

አሳታሚና አታሚ የተለያዩ ናቸው። አሳታሚ ማለት የጋዜጣው ባለቤት፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ግለሰብ ወይም ድርጅት ነው። አታሚ ማለት ወረቀቱ ላይ ቀለም የሚያሳርፈው ማተሚያ ቤት ነው። ዋና አዘጋጅ ደግሞ ምን ይውጣ፣ ምን ይቅር የሚለውን የሚወስነውና በሕግ ፊት ስለ ይዘቱ የሚጠየቀው ሰው ነው። የቤት ቁጥሩ የሚጻፈውም ቅር የተሰኘ ሰው ወይም ፍርድ ቤት ሊያገኘው እንዲችል ነው። ስምና አድራሻ በሌለው የቴሌግራም ቻናልና በጋዜጣ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ አንደኛው ሲሳሳት የሚጠየቅ ሰው አለው፣ ሌላኛው የለውም።

ዘጋቢ ወይም ሪፖርተር መረጃውን ከቦታው የሚሰበስበው ነው። አርታኢ የተጻፈውን የሚያርመውና የሚያሳጥረው ነው። አምደኛ በቋሚነት አንድ ዓምድ ይዞ የግል ሐሳቡን የሚጽፍ ሰው ሲሆን፣ ዘጋቢ ላይሆን ይችላል።

ዜናው እንዴት ይጻፋል?

ከዜናው መጀመሪያ ላይ የቦታ ስም፣ አንዳንዴም ቀንና የዜና ወኪል ስም ይኖራል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ዜናዎች «አዲስ አበባ» ብለው ቀኑን ካስቀደሙ በኋላ በቅንፍ «ኢዜአ» ይላሉ። ይህ ማለት ዜናው የተጠናቀረው እዚያ ቦታ፣ በዚያ ተቋም ነው ማለት ነው። ስለ ባሌ ሮቤ የሚያወራ ዜና መነሻው ላይ «አዲስ አበባ» የሚል ካለው ዘጋቢው ቦታው ላይ ላይገኝ እንደሚችል እንጠርጥር። ከርዕሱ ሥር የሚገኘው የጸሐፊ ስምም አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል፤ ስም የሌለው ዜና ብዙ ጊዜ ከመግለጫ የተቀዳ ነው።

የዜናው የመጀመሪያ አንቀጽ መሪ አንቀጽ ይባላል፤ በዝግጅት ክፍሎች ውስጥ «ሊድ» ሲባልም ትሰማላችሁ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ከሚሉት 6 ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹን እዚያው መመለስ አለበት። የሚላኩልን ጽሑፎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ስለሆነ በምሳሌ እናሳይ። ምሳሌው ለማስተማሪያ የፈጠርነው ነው።

«ቁርኣን መማር ያለውን ታላቅ ደረጃ ሁላችንም እናውቃለን። በከተማችን የሚገኘው መድረሳም ለበርካታ ዓመታት ታላቅ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በአሁኑ ሰዓት እጅግ አሳሳቢ ሁኔታ ላይ ይገኛል።»

ይህ ኹጥባ እንጂ ዜና አይደለም። 3 ዓረፍተ ነገር አንብበን የሆነውን ነገር አላወቅንም። ይህን ደግሞ ተመልከቱት፦

«ሰኞ ሌሊት የጣለው ከባድ ዝናብ የመድረሳውን ጣሪያ በማፍረሱ 120 ሕፃናት ትምህርታቸውን ማቋረጣቸውን የመድረሳው ኃላፊ ተናገሩ።»

አሁን ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ እነማን እንደተጎዱና ማን እንደነገረን አወቅን። ቀጣዩ አንቀጽ የኃላፊውን ቃል፣ የሚቀጥለው ለጥገናው ምን እንደሚያስፈልግ፣ የመጨረሻው ደግሞ የመድረሳውን ታሪክ ይይዛል። ይህ አደራደር የተገለበጠ ፒራሚድ ይባላል፤ ሰፊውና ከባዱ ነገር ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች። ቦታ ሲጠብ አርታኢው ከታች ጀምሮ ስለሚቆርጥ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያስቀመጠ ጸሐፊ ዋናው ነገር ተቆርጦ ቢቀርበት በራሱ ላይ ይፍረድ።

የአማርኛ ጸሐፊ ግን አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። ቋንቋችን ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ 6ቱንም ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንመልስ ስንል አንባቢው ማሰሪያው ላይ ሳይደርስ ትንፋሹ ያልቃል። መፍትሔው 2 ወይም 3 ጥያቄ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሶ ሌላውን ወደ ሁለተኛው ማስተላለፍ ነው።

«ገለጹ»፣ «አመኑ»፣ «ተገለጸ»

ማሰሪያ አንቀጹ የዳኝነት ያህል ከባድ ነው። «አሉ»፣ «ተናገሩ»፣ «ገለጹ» ገለልተኛ ናቸው። «አስታወቁ» አንድ መሥሪያ ቤት በይፋ ሲናገር ይስማማል። «አረጋገጡ» ከተባለ ግን ጋዜጣው የተባለው ነገር እውነት ነው ብሎ ከተናጋሪው ጋር ቆሟል ማለት ነው። «ጠቆሙ»ም ውስጥ ውስጡን እንዲሁ ነው። «አመኑ» ሲባል የተሸሸገ ጥፋት እንደነበረ ያስመስላል፤ «ክደዋል» ሲባል ደግሞ ሰውየው እየዋሸ ነው የሚል ሽታ አለው። «አስተባበሉ» ከ«ካዱ» ይሻላል። አንድ ኢማም «በመስጊዱ ስብሰባ መደረጉን አመኑ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ስብሰባ ማድረግ ምን ነውር ሆነና ነው የሚታመነው?

«ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተባለ» የሚሉት ደግሞ ተናጋሪውን ጨርሰው ይደብቃሉ። በዜና ውስጥ እነዚህን ስናገኝ 2ኛውና 3ኛው አንቀጽ ላይ ባለቤቱን እንፈልግ። ከሌለ ዜናው ምንጭ የለውም።

በፍርድ ቤት ዜና ላይ ያሉት ቃላት ከሁሉም የከፉ ናቸው። ተጠርጣሪ ማለት ፖሊስ የጠረጠረው፣ ተከሳሽ ማለት ዐቃቤ ሕግ ክስ የመሠረተበት፣ ጥፋተኛ ማለት ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰው ነው። አንዱን በሌላው መለወጥ ሰውን ሳይፈረድበት መፍረድ ነው። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ በ2005 ዓ.ም. በመንግሥት ቴሌቪዥን የተላለፈውን «ጀሐዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ያየ ሙስሊም ይህን ልዩነት ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። ያንን የተቃወምን ሰዎች ግን ዛሬ በራሳችን ገጾች ላይ በቁጥጥር ሥር የዋለን ሌላ ሰው «ወንጀለኛው» ብለን የምንጽፍ ከሆነ ተቃውሟችን ለፍትሕ ሳይሆን ለወገን ነበር ማለት ነው።

ምንጭና ኢስናድ

ምንጭ ማለት መረጃውን የሰጠን ሰው፣ ሰነድ ወይም ተቋም ነው። ቀጥተኛ ምንጭ ነገሩን ራሱ ያየ፣ የሰማ ወይም የፈጸመ ሲሆን፣ ቀጥተኛ ያልሆነ ምንጭ ከሌላ ሰው የሰማ ነው። መስጊድ ቁጭ ብሎ የሐዲስ ትምህርት የቀሰመ ደረሳ ይህን ከጋዜጠኝነት ተማሪ በተሻለ ያውቀዋል። ሐዲስ እንደ ዜና ነው እያልን አይደለም፤ ደረጃው ለየቅል ነው። የማጣሪያው ዘዴ ግን ለእኛ እንግዳ አለመሆኑን ማሳየት እንወዳለን።

«ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ምንጮች» ሲባል፣ በኢስናድ ቋንቋ ሙብሀም እንደምንለው ነው፤ በሰነዱ ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ ስሙ ግን አልተጠራም። ጋዜጠኝነት ይህን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ሰውየው ስሙ ቢጠራ ሥራውን ወይም ሕይወቱን የሚያጣ ከሆነ ይፈቀዳል። ሆኖም ዋና አዘጋጁ ማንነቱን ማወቅና ጋዜጣው ስሙ ያልተጠቀሰበትን ምክንያት ለአንባቢ መንገር አለባቸው። ስሙ ሳይጠቀስ ሌላ ሰው የሚሳደብ ምንጭ ግን አይወሰድም።

ተድሊስ ደግሞ አንድ ዘጋቢ ራሱ ያልሰማውን ራሱ እንደሰማ አስመስሎ ሲያቀርብ ነው። ከሌላ ጋዜጣ የተቀዳን ቃለ መጠይቅ «ለዝግጅት ክፍላችን እንደገለጹት» ብሎ ማውጣት ጥርት ያለ ተድሊስ ነው። የሌላን ጽሑፍ ያለ ስም መውሰድ ደግሞ በሙያው ቋንቋ የጽሑፍ ስርቆት ይባላል።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ታላቅ ዓሊም ሞት ዜና ደረሰን። ሁለት ምንጭ አለን ብለን አወጣነው፤ ሁለት ምንጭ ማግኘት በሙያው የተለመደ መለኪያ ነውና። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጃቸው ደወለ። ሸይኹ መግሪብን ሰግደው እራት እየበሉ ነበር። ስናጣራ ሁለቱ ሰዎች የሰሙት ከአንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ሆስፒታል መግባታቸውን እንጂ መሞታቸውን አላወቀም ነበር። ሁለት መንገድ አለን ስንል የሁለቱም መዳር አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ዜናውን የሰማች ከአገር ውጭ የምትኖር ልጃቸው ለብቻዋ ሆና አባቷን አልቅሳለች። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሁለት ምንጭ አለኝ» ለሚለን ዘጋቢ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «እነርሱስ ከማን ሰሙ?» የሚል ሆኗል። የሞት ዜና ደግሞ ከቤተሰብ ካልተረጋገጠ አናወጣም፤ ሌላው ሁሉ ቢቀድመንም።

ማረጋገጥ ወይም ማጣራት የሚለው ቃል ሥሩ ለሙስሊም ቅርብ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ላይ አመፀኛ ወሬ ሲያመጣ እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሕዝብን ጎድተን እንዳንጸጸት ታዘናል። በሱረቱን ኑር ስለ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተወራው የሐሰት ወሬ ሲነሳ የተወቀሱት ወሬውን የፈጠሩት ብቻ አይደሉም፤ በምላስ የተቀባበሉትም ጭምር ናቸው። የአገራችን ሕግም በራሱ መንገድ ወደዚህ ይጠጋል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሠራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ማኅበራዊ ገጽ ከተሠራጨ ደግሞ ቅጣቱ ከፍ ይላል። የብዙ መስጊዶች ገጽ ከዚህ በላይ ተከታይ አለው።

የአስተያየት ገጾች

ርዕሰ አንቀጽ የጋዜጣው የራሱ አቋም ነው። የጸሐፊ ስም የለውም፤ ምክንያቱም የሚናገረው ተቋሙ ነው። ስለዚህ «ጋዜጣው እንዲህ አለ» ማለት የሚቻለው ርዕሰ አንቀጹን ጠቅሰን ስንናገር ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት ስም ያላቸው ጽሑፎች የጸሐፊዎቹ ናቸው። ሪፖርተር ጋዜጣ «ልናገር» እና «እኔ የምለው» በሚሉ ዓምዶች እንደሚያደርገው፣ ብዙ ጋዜጦች የዓምዱን ስም በራሱ ይህ የግል ሐሳብ መሆኑን እንዲናገር አድርገው ይሰይሙታል። አንድ ግለሰብ በዚህ ዓይነት ዓምድ ላይ ስለ ሒጃብ የጻፈውን ቅር የሚያሰኝ ነገር ይዞ «ጋዜጣው በሙስሊሞች ላይ ዘመተ» ማለት ትክክል አይሆንም። ትክክለኛው ምላሽ በዚያው ዓምድ ላይ የመልስ ጽሑፍ መላክ ነው፤ ካላወጡልን ያን ጊዜ ስለ ጋዜጣው መናገር እንችላለን።

የዜና ትንታኔ ከሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው። የሆነውን ነገር ይዞ ለምን ሆነ፣ ምን ያስከትላል ይላል። ፊቸር ወይም መጣጥፍ ደግሞ እንደ ዜና ለዛሬ ብቻ የማይጻፍ፣ ሰፋ ብሎ ሰውን፣ ቦታን ወይም ሙያን የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። የአንድ አዛን አድራጊ የ40 ዓመት ሕይወት ፊቸር ይሆናል። ቃለ መጠይቅ የታወቀ ነው። ካርቱን ቀልድ ቢመስልም አስተያየት ነው።

ፎቶና መግለጫው

ከፎቶ ሥር ያለችው አጭር ጽሑፍ የፎቶ መግለጫ ትባላለች፤ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ትመልሳለች። «ፎቶ፦» ብሎ የሚከተለው ደግሞ ያነሳው ሰው ወይም ተቋም ስም ነው። «ፋይል» ወይም «ከማኅደር» የሚል ከተጻፈበት ፎቶው የዛሬ አይደለም፤ ለማስታወሻ የገባ ነው። ይህችን ቃል ቆርጦ ፎቶውን ብቻ ማሠራጨት ስንት ፊትና እንዳመጣ መቁጠር ያዳግታል።

በታህሳስ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ ይህ የማይካድ ሐቅ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቀን ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ዓመት የተወሰደ አንድ የውሸት ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ወገኑን የረዳ ይመስለዋል። የሚረዳው ግን ጥቃቱን መካድ የሚፈልገውን ነው፤ ያ ሰው አንዷን የውሸት ፎቶ አንስቶ «ሁሉም ፈጠራ ነው» ይላልና። ፎቶ ስትልኩልን ያነሳውን ሰው፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን አብራችሁ ላኩ። ከሌላ ሰው የደረሳችሁ ከሆነም እንዲሁ ንገሩን።

ማስታወቂያ

ይህን ገጽ ዘለው የሚያልፉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን እንዳትዘሉት እንመክራለን። ጨረታ፣ የጠፋ ሰነድና የሐዘን መግለጫ ሁሉ በዚህ ክፍል ይወጣሉ። ከሁሉ በላይ ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ አለ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን የተከሳሹ አድራሻ በማይታወቅበት ጊዜ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዙ ይችላሉ። በጋዜጣ ከተጠራ በኋላ ያልቀረበ ሰው ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። ጅዳ ወይም ዱባይ የሚኖር ወንድማችን ስለ ትዳሩ ወይም ስለ አባቱ ውርስ የተጠራበትን ጋዜጣ ሳያይ ውሳኔ ሊሰጥበት ይችላል ማለት ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ ጋዜጣ ሲያነብ ይህን ገጽ እንዲያይለት ቢያደርግ ብዙ ይጠቅመዋል።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት ተለይቶ የሚታወቅ እንዲሆን ያዛል። ዜና መስሎ የተጻፈ፣ ፎቶና ርዕስ ያለው፣ አንድን ድርጅት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሞግስ ጽሑፍ ስታዩ ጥግ ላይ በትንሹ «ማስታወቂያ» ተብሎ ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ። የሐጅና ዑምራ ጉዞ የሚያዘጋጁ ድርጅቶችን ስለሚመለከት ጽሑፍ ስታነቡ ደግሞ ሁለት ጊዜ ፈልጉ።

ቀንና ሰዓት

እኛ በ3 የዘመን አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ነን። «ዓ.ም.» ሲባል የኢትዮጵያ፣ «እ.ኤ.አ.» ሲባል የአውሮፓውያን፣ «ዓመተ ሂጅራ» ሲባል የእስልምና አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ የ1446 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን 1 በእኛ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2025 ነበር። ከውጭ ጋዜጣ ስንተረጉም «መጋቢት 1» ብለን «እ.ኤ.አ.»ን ብንረሳ የ9 ቀን ስሕተት ሠራን። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሳዑዲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ቢሆኑም አቆጣጠራችን በ6 ሰዓት ይለያል፤ ሪያድ ላይ 8 ሰዓት ምሽት የተባለው እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። «ትናንት»፣ «ዛሬ» የሚሉትን ብቻ ጽፎ ቀኑን አለመጥቀስ ደግሞ ዜናው ከ3 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ እንዲዞር በር ይከፍታል። በረመዳን 29 ምሽት የሚዞረው «ጨረቃ ታየች» የሚል መልእክት የስንት ዓመተ ሂጅራ እንደሆነ ሳይታይ ስንት ሰው አነቃ!

እርምት፣ ማስተባበያ፣ መልስ

ሦስቱ ይምታታሉ። እርምት ጋዜጣው ራሱ መሳሳቱን አውቆ የሚያወጣው ማስተካከያ ነው። ማስተባበያ በዜናው የተነካው ወገን «አልሆነም» ብሎ የሚያቀርበው ነው። መልስ ደግሞ የተነካው ሰው የራሱን ገጽታ ሰፋ አድርጎ የሚያስረዳበት ጽሑፍ ነው፤ በስም የተነካ ሰው መልስ የመስጠት መብት በመገናኛ ብዙኃን ሕጋችን የታወቀ ነው። መስጊዳችሁ ወይም መድረሳችሁ በስሕተት ከተዘገበ፣ የጋዜጣውን ዓመት፣ ቁጥርና ገጽ፣ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገርና ትክክለኛውን መረጃ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ለዋና አዘጋጁ በእጅ አስገቡ፤ ቅጂው ላይም መቀበላቸውን አስፈርሙ። 10 ገጽ ወቀሳ ከመላክ ይልቅ ይህ ይሠራል። ጥሩ እርምት ስሕተቱ ምን እንደነበረ ይናገራል፤ ዜናውን በዝምታ ከገጹ ላይ ማጥፋት እርምት አይባልም። የሸይኹን ዜና በተመለከተ እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ማጥፋት ነበር። ልጃቸው ሁለተኛ ጊዜ ደውሎ «ያነበቡት ሰዎች አሁንም ለተዕዚያ እየመጡ ነው» ካለን በኋላ ነው እርምት ያወጣነው።

የቀሩት ቃላት

ሰበር ዜና ገና እየሆነ ያለ፣ ዝርዝሩ ያልተጣራ ዜና ነው፤ ስሙ ራሱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ከመዝገብ ውጭ የተባለ ነገር ለጋዜጠኛው ዕውቀት ብቻ የተነገረ ሲሆን አይጻፍም። «ስሜ አይጠቀስ» የተባለው ግን ይጻፋል፣ ስሙ ብቻ ይቀራል፤ ሁለቱን ከቃለ መጠይቁ በፊት መለየት ያስፈልጋል፣ ከተነገረ በኋላ አይሆንም። ኢምባርጎ አንድ መግለጫ ከተወሰነ ሰዓት በፊት እንዳይወጣ የሚደረግ ስምምነት ነው። የመረጃ ማቅረቢያ የመጨረሻ ሰዓት ቀነ ገደብ ይባላል። የእኛ ለዓርብ እትም የሚላክ ጽሑፍ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በፊት መድረስ አለበት፤ የጸሐፊው ሙሉ ስምና ስልክ ከሌለው ግን ቀድሞ ቢደርስም አናስተናግደውም።